የጨርቁ ግድግዳ እንዳይቃጠል ስለመለመን

ቀን፦ ግንቦት 11 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ወንዳወቅ
የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሰቆጣ

ጉዳዩ፦ በመጪው ማክሰኞ ግንቦት 17 ቀን እንዲቃጠል የተወሰነው የትምህርት ቤት ግድግዳ ቅዱስ አለመሆኑን፣ አመልካቹም ውሸታም መሆኑን ስለማስረዳት

ክቡር ሆይ፣

1. አመልካች የኋላሸት ጓንጉል እባላለሁ። ዕድሜዬ አርባ ሦስት ዓመት፣ ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ የሰፋኋቸው ሱሪዎች እስካሁን በሰው ወገብ ላይ አሉ። ጠበቡ ተብለው ሁለት ሦስት ጊዜ የተመለሱብኝም አሉ፤ ይህ የዛሬው አቤቱታ ጉዳይ ስላልሆነ አልፈዋለሁ። ክቡርነትዎ ግን በሱሪ እንደማያውቁኝ እገምታለሁ። በከተማው «የጨርቅ ገንፎ» እየተባለ የሚነሣው ሰው እኔ ነኝ።

2. ባለቤቴ መምህርት ጥሩሐረግ ካሤ በከተማችን ዳር ባለው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍልን ስታስተምር አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አቤቱታው የእኔ ቢሆንም ጉዳቱ የእሷ ነው። የምታስተምርበት ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ድንጋይ፣ መሐሉ በሰሌን ለሁለት የተከፈለ አንድ አዳራሽ ነበር። በወዲህ በኩል የእሷ ሦስተኛ ክፍል፣ በወዲያ በኩል የመምህር ይስማው አራተኛ ክፍል ይማሩበታል። መምህር ይስማው መልካም ሰው ናቸው፤ የማባዛት ሠንጠረዥን ግን በዜማ ነው የሚያስተምሩት፣ ያውም ስድሳ ሕፃናት ተቀብለው እንዲያዜሙ እያደረጉ። ባለቤቴ በወዲህ በኩል «የአገራችን ትልቁ ተራራ ማን ይባላል?» ብላ ስትጠይቅ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ሃምሳ ስድስት!» ብሎ የመለሰበት ቀን አለ።

ስለዚህ ትጮኻለች። አሥራ አንድ ዓመት ጮኸች። በኅዳር ወር 1995 ዓ.ም. የጤና ባለሙያው ጉሮሮዋን አይቶ በድምፅ አውታሯ ላይ እብጠት መኖሩን፣ እንዲህ እየጮኸች ከቀጠለች ድምፅዋ ጨርሶ ሊሄድ እንደሚችል ነገረን። መፍትሔው ምንድን ነው ብለን ብንጠይቀው «አለመጮህ» አለን። ለዚህ እንኳ ሐኪም ቤት መሄድ አላስፈለገንም ነበር። ድምፅዋን ሳላውቅ ፊቷን አላወቅሁትምና፣ ማለትም ከመተያየታችን በፊት ከአጥር ወዲያ ስትናገር ሰምቼ ነው የወደድኋት፣ የዚያን ቀን ፈርቼ ነበር።

3. የልብስ ሰፊ ቤት ቁራጭ ጨርቅ አያጣም። ሌላው ሰፊ ለኮርቻ መሙያ ይሰጠዋል፣ ወይም ጠርጎ ያቃጥለዋል። እኔ መጣል ስለማልወድ (ባለቤቴ ስንፍና ትለዋለች) በጆንያ በጆንያ አድርጌ እስከ ጣሪያው ከምሬው ነበር። አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት መጥታ በጆንያዎቹ መሐል ተቀምጣ ስለ አንድ ተማሪዋ ታወራኝ ጀመር። ድምፅሽ ዛሬ ምነው ደህና ሆነ አልኋት። «እኔ እንደሆንሁ ያው ነኝ፤ ቤትህ ነው ዝም ያለው» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ውጪ በመዶሻ እየመታ ያለ ቆርቆሮ ሠሪ ነበር፤ ከእኛ ዘንድ ግን ከሩቅ እንደሚመጣ ነበር የሚሰማው። ድምፁን የበላው ጨርቁ ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሱሪ መስፋት ተውሁ ማለት ይቻላል፤ ደንበኞቼም ይህን ሳያስተውሉ አልቀሩም።

4. አሠራሩን ምስጢር አላደርገውም። ከእኔ በኋላ የሚሞክር ሰው ቢያንስ ከአምስተኛው ስሕተት ይጀምር ብዬ ባጭሩ እጽፈዋለሁ። አስቀድሞ ጥጡን ከናይለኑ መለየት ነው። ከጨርቁ ክር መዝዞ በክብሪት መለኮስ ይበቃል፤ ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፣ ናይለን ከሆነ ቀልጦ እንደ ጥቁር ዶቃ ይደርቃል። ጥጡ ተቆራርጦ በበርሜል በአመድ ውሃ ሁለት ሳምንት ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ ይቀቀላል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል። ክሩ ሲፈታ ገንፎ የመሰለ ነገር ይወጣል፤ ስሜን ያገኘሁት ከዚህ ነው። ተልባ ሲቀቀል የሚያወጣው ዝልግልግ ውሃ ማጣበቂያ ይሆናል። በመጨረሻ እንዶድ ተወቅጦ በውሃ እየተመታ አረፋው ሲቆም ከገንፎው ጋር ይደባለቅና በእንጨት ፎርማ ይፈሳል። ፀሐይ ላይ ሲደርቅ አረፋው ይጠፋል፤ የነበረበት ቦታ ግን ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ሰብረው ቢያዩት ውስጡ ሁሉ ዐይን በዐይን ነው። አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሆነውን ጡብ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ በአንድ እጁ ያነሣዋል። ድምፅ ይገባበታል፣ ተመልሶ አይወጣም።

እዚህ እስክደርስ የሆነውን ደግሞ አልደብቅም። በመጀመሪያው ሙከራ በእንዶድ ፈንታ የሊጥ እርሾ ተጠቀምሁ። ኩፍ አለ፣ ደረቀ፣ አማረ፤ ከዚያ የጎረቤቴ ፍየሎች በሉት። እስከ ዛሬ ሥራዬን ያለ ምንም አስተያየት የተቀበሉኝ እነሱ ብቻ ናቸው። ሁለተኛው እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከበደ። ሦስተኛው ከመሽተቱ የተነሣ ጎረቤቶቼ የሞተ አይጥ ፍለጋ ቤታቸውን ሁለት ቀን ሲገለብጡ እኔም አብሬ አፋልጌያለሁ። አራተኛው ዝናብ ነካውና ወደ ገንፎነቱ ተመለሰ፤ ኖራ መቀባት ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። አምስተኛው ሆነ።

5. የወላጆች ኮሚቴ ግድግዳውን በሰሌኑ ቦታ እንድተክል ፈቅዶ ለጥር 24 ቀን 1996 ዓ.ም. የወላጆች ስብሰባ እንዲደርስ ጠየቀኝ። ሰባ ሁለት ጡብ ያስፈልግ ነበር። ሰባ ሠራሁ። ሁለት ሲቀረኝ ጥጥ አለቀብኝ፤ በገበያ ያለው ልባሽ ጨርቅ በክብሪት ስሞክረው ሁሉም ዶቃ እየሆነ አስቸገረኝ። ባለቤቴ በዚያን ሰሞን ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ወጥታ ነበር።

በቤታችን አንድ ሳጥን አለ። በሳጥኑ ውስጥ የባለቤቴ የሠርግ ቀሚስና ነጠላ ነበር። ጥጡን እናቷ ወይዘሮ ቦሰና፣ ነፍሷን ይማርና፣ በሁለት ወር የፈተለችው ነው፤ በአምደወርቅ ከተማ ይኖር የነበረ፣ ዛሬ በሕይወት የሌለ ሸማኔ ሠርቶት ጥበቡ ቀይና ቢጫ ሆኖ በመሐሉ አረንጓዴ መስመር አለው። ሸማኔው አረንጓዴ ክር አልቆበት በመካከል በሰማያዊ ቀጥሎታል፤ ይህን ከባለቤቴ፣ ከሟች እናቷና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ልጃችን ቤዛ በመጪው ነሐሴ ለሻደይ በዓል እንድትለብሰው ነበር የተቀመጠው።

ሳጥኑን ከፈትሁ። ብል በልቶታል ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ብል የበላው አንድ ጣት የማታስገባ ቀዳዳ ነበር፤ የቀረውን እኔ በላሁት። ጥበቡን ጥጥ ስላልሆነ ለይቼ ቆርጬ አወጣሁ፤ የቀረው በበርሜል ገባ። በዘፍዛፊነቴ ዘመን ሁሉ እንደዚያ ንጹሕ፣ እንደዚያ ነጭ ገንፎ ወጥቶልኝ አያውቅም። አሳፋሪው ነገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

6. ግድግዳው ጥር 24 ቀን በወላጆች ፊት ተመረቀ። ሁለቱም መምህራን በየክፍላቸው ገብተው እኩል አስተማሩ፤ በወዲህ በኩል ሰባት ጊዜ ስምንት አልተሰማም። አንድ አባት ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ «ወዲያ ማዶ ሰው የለም እኮ!» ሲል ሕዝቡ ሳቀ። ሳልዋሽ የኮራሁባት ቀን እሷ ብቻ ናት፤ እሷም ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ቆየች።

ከዚያ ርእሰ መምህሩ በበሩ አጠገብ ወዳለችው ጡብ ጎንበስ አሉና «ይህ የሚያብረቀርቀው ምንድን ነው?» አሉ። ሳየው ጥበብ ነው። ስቸኩል ሳልቆርጠው የቀረ አንድ ስንዝር ጥበብ በኖራው ሥር ብቅ ብሎ ቀይና ቢጫ ያበራል። ባለቤቴ አንድ እርምጃ ርቃ ቆማለች፣ ልታይ አንገቷን እያሰገገች ነው። በዚያ ሰሞን የደብራችንን የተቀደደ መጋረጃ ሰፍቼ መመለሴን ከተማው ሁሉ ያውቃል። አፌ ከእኔ ቀድሞ «የመጋረጃው ቁራጭ ናት፤ ለበረከት ብዬ ነው» አለ።

እልልታው ቀለጠ። ሴቶቹ ወደ ግድግዳው ቀረቡ። ባለቤቴም እልል አለች። ከሁሉ ቀድማ ጎንበስ ብላ የራሷን የሠርግ ቀሚስ ተሳለመች።

7. ከዚያ በኋላ የሆነውን ክቡርነትዎ በከፊል ስለሚያውቁት የማያውቁትን ብቻ እጽፋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ልጆች ጫማ ማውለቅ ጀመሩ። በሁለተኛው ሳምንት ከግድግዳው ወዲያ ያለው ወገን መቅደስ፣ ወዲህ ያለው ቅኔ ማኅሌት ነው በሚል አራተኛና ሦስተኛ ክፍሎች በዕረፍት ሰዓት ተደባደቡ። መምህር ይስማው ጫማቸውን በር ላይ ትተው በካልሲ ማስተማር ያዙ፤ የማባዛቱም ዜማ ከቀድሞው ይልቅ ወደ ቅዳሴ አደላ። እኔ በዚህ ሁሉ ስቄያለሁ፣ ከተማውም ስቋል።

መሳቅ ያቆምሁት በየካቲት ነው። ክፍሉ የተቀደሰ ነው ከተባለ ሴት ልጅ በወር አበባዋ ጊዜ አትገባም። ከገጠር የሚመጡት የአራተኛ ክፍል ልጃገረዶች አሥራ ሦስትና አሥራ አራት ዓመት የሞላቸው ናቸው። በየወሩ አራት አምስት ቀን መቅረት ጀመሩ። መቅረት ብቻ አይደለም፤ ማን መቼ እንደቀረች ወንዶቹ ሁሉ ይቆጥራሉ። ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣው ሰላማዊት ባለቤቴን መንገድ ላይ አግኝታ «ቲቸር፣ በቀረሁ ቁጥር አገሩ ሁሉ ይቆጥረኛል፤ ከምቆጠር ጨርሼ ብቀር ይሻለኛል» አለቻት። ከመጋቢት 9 ጀምሮ አልመጣችም። አባቷ ከዚህ ወዲያ ቤት ትዋል ማለቱን፣ ቤት ከዋለች ደግሞ ምን እንደሚታሰብላት ለክቡርነትዎ መንገር አያስፈልገኝም።

ባለቤቴም ሥርዓት የምታከብር ሴት ናት። በእነዚያ ቀናት ራሷም ከበሩ አታልፍም። በር ላይ ቆማ ከውጭ ታስተምራለች። ከውጭ ሆኖ ለመሰማት፣ ያውም ድምፅ በሚበላ ግድግዳ ላይ፣ መጮህ ግድ ነው። ድምፅዋን ላድን የሠራሁት ነገር ከደጅ አቁሞ አስጮኻት። ግድግዳው ቅዱስ አለመሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ማታ ማታ የተልባ ውሃ አፍልቼ እሰጣት ነበር፣ እሷም ትመርቀኝ ነበር።

8. እውነቱን ለመናገር አልሞከርሁም አይባልም፤ እንደ ፈሪ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሞከርሁት። በመጋቢት መጨረሻ በወላጆች ኮሚቴ ፊት ቆሜ መጋረጃ ያልሁት ቀልዴን ነበር አልሁ። ታዲያ የሚያብረቀርቀው ምንድን ነው አሉኝ። ባለቤቴ ቃለ ጉባኤ ትጽፍ ነበር። ወደ እሷ አየሁና ተቀመጥሁ። አንድ ሽማግሌ «ትሕትናው ነው፤ በረከቱን የእኔ አልል ብሎ ነው» አሉ። አንዲት እናት ደግሞ በኽምጣኛ ተናግራ ልጇ ስታስተረጉምልኝ «ለትምህርት ቤት የሰጠውን መልሶ ሊወስድ አስቦ ነው» ብላኛለች። በመዋሸቴ ቅዱስ፣ እውነት በመናገሬ ሌባ ሆኜ ከስብሰባው ወጣሁ።

ከዚያ ወደ ደብሩ ቄሰ ገበዝ ወደ ቄስ ምሳው ሄድሁ። መጋረጃውን ያስረከቡኝም፣ ከስፌቱ የተረፈውን ቁራጭ የተረከቡኝም እሳቸው ናቸው። ቁራጩን በሥርዓቱ መሠረት በንጹሕ ቦታ በእጃቸው አቃጥለዋል። ይህን መስክሩልኝ ብላቸው «የሰጠኸኝን አቃጥያለሁ፤ ይህን እመሰክራለሁ። በማሽንህ ሥር አንዲት ክር አልቀረችም ብዬ ግን አልምልም፤ ማሽንህን አላየሁትም» አሉኝ። እኔ ሳልጠየቅ እዋሻለሁ፣ እሳቸው ተለምነው እንኳ የማያውቁትን አይናገሩም። በዚህ አልወቅሳቸውም።

የደብሩ አባቶችም ተሰብስበው የቤተ መቅደስ ጨርቅ ከሆነ እንዲህ ተጋልጦ መቆም የለበትም፣ ወርዶ በንጹሕ ስፍራ ይቃጠል ብለው ፈረዱ። ጽሕፈት ቤቱም በዚሁ መሠረት ክፍሉን ከሚያዝያ 20 ጀምሮ አሽጎ ለግንቦት 17 ቀን ቀጠረ። ያልሁት እውነት ቢሆን ኖሮ ፍርዱ ትክክል ነበር። የማንም ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ አንድ ባለቤት ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ይህን የሚጽፈው ነው።

9. ክፍሉ ከታሸገ ወዲህ ሁለቱ ክፍሎች አንድ ላይ በአሮጌው መጋዘን ይማራሉ፤ መሐላቸው ሰሌን እንኳ የለም። ባለቤቴ ከፋሲካ በኋላ ባለው አራተኛ ሳምንት ድምፅዋ ተቋረጠ። እየሻከረ መጥቶ አይደለም፤ አንድ ቀን ጠዋት ስሜን ልትጠራ አፏን ከፈተች፣ ምንም አልወጣም። አሁን በቤታችን በትንሽ ጥቁር ሰሌዳ እየጻፈች ነው የምታናግረን። ቁጣዋንም ትጽፈዋለች፤ ቁጣ ሲጻፍ ደግሞ ቶሎ አይጠፋም፣ ጨው ፍለጋ ስዞር ጭምር እያነበብሁት እዞራለሁ። የጤና ባለሙያው ለሦስት ወር ካልጮኸች ሊመለስ ይችላል ብሏል። ግድግዳው ከቆመና ክፍሉ ከተከፈተ በመስከረም ሳትጮኽ ታስተምራለች። ግድግዳው ከተቃጠለ ግን ወይ ማስተማሩን ወይ ድምፅዋን ትተዋለች። እኔ የማውቃት ሴት ማስተማሩን አትተውም።

10. ውሸታም ሰው እውነት ተናገርሁ ሲል ለምን ይታመናል ብለው ቢጠይቁ ልክ ነዎት፤ እኔም አላምነውም ነበር። ስለዚህ ቃሌን ሳይሆን ጨርቁን እንዲያምኑ እለምናለሁ። የደብሩ መጋረጃ ከፈይ ነው፤ ከፈዩ ናይለን ነው፤ በአመድ ውሃ አንድ ዓመት ቢዘፈዘፍም አይፈታም። በግድግዳው ውስጥ ቢኖር ኖሮ እንደ ቀይ ጠጠር በየቦታው ይታይ ነበር። ከሰባ ሁለቱ ጡቦች የፈለጉትን መርጠው ይስበሩ፣ ከውስጡ ክር መዝዘው በክብሪት ይለኩሱ። በበሩ አጠገብ ካለችው ስንዝር ጥበብ በቀር ዶቃ የሆነ ክር ከተገኘ እኔንም አብረው ያቃጥሉኝ።

ዋናው ማስረጃ ግን ከዚህ ጋር አባሪ የሆነው አንድ ክንድ ጥበብ ነው። ከቀሚሱ ቆርጬ ያወጣሁት ነው፤ እስከ ዛሬ በስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ከመለዋወጫ መርፌዎች ሥር ደብቄው ኖርሁ። በበሩ አጠገብ ካለችው ጡብ ጋር ሲያስተያዩት ቀይና ቢጫው ይገጥማል። አረንጓዴው መስመር ወደ ሰማያዊ የተለወጠበት ቦታም የተቆረጠው እዚያው ላይ ስለሆነ አረንጓዴው በእጅዎ፣ ሰማያዊው በግድግዳው ላይ ይገኛል።

ይህን አንቀጽ ስጽፍ ጉዳዩ በምስጢር እንዲያዝልኝ ብዬ ልጀምር ነበር። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰረዝሁት። ምክንያቱም ይህ ጥበብ የቀሚሱ ስለመሆኑ በእርግጠኝነት ሊመሰክር የሚችል ሰው በዚህ ምድር አንድ ብቻ ነው የቀረው፣ እሷም ባለቤቴ ናት። ከእሷ ለመደበቅ የዋሸሁትን ውሸት ከእሷ በቀር የሚያፈርስልኝ የለም። ብልህ ሰው ይህን በጥር ያውቀው ነበር፤ እኔ በግንቦት ገባኝ።

11. ስለዚህ ክቡርነትዎ፦

ሀ/ የማክሰኞው ማቃጠል እስኪጣራ ድረስ እንዲታገድልኝ፤

ለ/ ቄስ ምሳው፣ አንድ ሸማኔና አንዲት እናት ያሉበት ኮሚቴ ተሰይሞ ግድግዳውን በጥበቡና በክብሪት እንዲያጣራ፤ ባለቤቴም በምስክርነት እንድትጠራ፤

ሐ/ እውነቱ ሲረጋገጥ በወላጆች ስብሰባ ይህ አቤቱታ ሳይቀነስ እንዲነበብ፣ ግድግዳው ቁራጭ ጨርቅ ብቻ እንደሆነና ማንኛዋም ልጅ በማንኛውም ቀን ልትገባበት እንደምትችል እንዲነገር፤ እኔም ፊት ለፊት ቆሜ እንድሰማ፣ መሳቅ የሚፈልግም እንዲስቅ፤

መ/ ወደ ሰላማዊት ወላጆች ሰው እንዲላክ፤ ቅጣት ካለ በእኔ ላይ ብቻ እንዲሆን፤

ሠ/ ጥበቡ ምርመራው ሲያልቅ እንዲመለስ። ከዚያ ቀሚስ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ለቤዛ ቀሚስ ሰፍቼ ጠርዙ ላይ ላደርገው እፈልጋለሁ፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ልክ የሆነ ነገር ለመስፋት እሞክራለሁ።

12. እስከዚህ ከጻፍሁ በኋላ ወደ ቢሮ የሚገባ ወረቀቴ በባለቤቴ ቀይ እስክሪብቶ ሳይታረም ወጥቶ እንደማያውቅ አሰብሁ። ዛሬ ጠዋት ሰጠኋት። ቆማ ማንበብ ጀመረች። አምስተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ ተቀመጠች። እኔ ቆምሁ። ስድስተኛውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቀና ብላ አላየችኝም፤ ወደ ሳጥኑም አልሄደችም። ቀይ እስክሪብቶዋን አንሥታ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ማረም ያዘች። በአራተኛው አንቀጽ ሦስት የፊደል ግድፈት አግኝታብኛለች። በአምስተኛው «በሁለት ወር የፈተለችው» ያልሁትን ሰርዛ በላዩ «በሰባት ወር» ብላ ጻፈች፤ እዚያ ላይ እስክሪብቶው ወረቀቱን በስቶታል። በሌላ ንጹሕ ወረቀት ልገልብጠው ብል ወረቀቱን አልለቀችልኝም። ስለዚህ ቀይ ምልክቱ እንዳለ ስለቀረበ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከፊርማዬ በታች ለምስክር ቦታ ትቻለሁ፤ ከዚህ በኋላ ወረቀቱ በእሷ እጅ ነው።

ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከሚበልጥ እፍረት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የኋላሸት ጓንጉል
ልብስ ሰፊ፣ ሰቆጣ

አባሪ፦ አንድ ክንድ ጥበብ

የምስክር ቃል (በቀይ ቀለም)፦

ጥበቡ የእኔ ነው። አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ የተለወጠበትን ቦታ ዐይኔ ተሸፍኖ በጣቴ አውቀዋለሁ፤ በተጠራሁበት ቀን እመጣለሁ። ግድግዳው አይቃጠል። ወደ ሰላማዊት ቤት ሰው መላክ አያስፈልግም፤ እኔው ሄጄ አመጣታለሁ። ስለ ቀሚሱ፣ ድምፄ ሲመለስ ቤታችን እንነጋገራለን።

(ፊርማ)
መምህርት ጥሩሐረግ ካሤ